ሁለቴ የተከፈለው የሜይ ደሞዝ

ጁን 1፣ እሑድ

ለመላው የቤታችን ነዋሪዎች።

ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ቤት የሚገባው የቁርስ ዳቦ በቀን ከአምስት ወደ አራት ዝቅ ማለቱን በከባድ የኃላፊነት ስሜት እናስታውቃለን። ውሳኔው የተላለፈው ማንም ሳይጠየቅ በሙሉ ድምፅ ነው። ባለቤቴ ፅዮናዊት ድምፅ እንዳልሰጠች ገልጻለች። ተመዝግቧል።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለታሪክ ነው። ታሪክ ባይፈልገው ለራሴ። መሥሪያ ቤቴ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አቁሟል፤ በጋው ገብቷል፤ የማቀዝቀዣው መብራት ሒሳብ ደግሞ እኛ ሳንበላ ሊበላን ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ፕሮግራም ጻፍኩ። ባንካችን ኤፒአይ የሚባል የጓሮ በር ከፍቷል፤ ሰው ሳይሰለፍ የራሱ ፕሮግራም ገብቶ ሒሳቡን ያነባል፣ ክፍያ ይፈቅዳል ወይ ይከለክላል። ቁልፉን ለዘጠና ቀን ሰጥተውኛል። የእኔ ደሞዝ፣ የፅዮናዊት የፋርማሲ ደሞዝ፣ የእማዬ የባቡር ጡረታ፣ በእኔ ስም የተመዘገበው የእማዬ የስልክ ገንዘብ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይታያል። ፕሮግራሙን "ሚኒስቴሩ" ብዬዋለሁ።

"ሚኒስትሩ ማነው?" አለች ፅዮናዊት።

"ሹመቱ ገና አልጸደቀም።"

"እስኪጸድቅ ቆሻሻውን አውጣ።"

እማዬ ወለተማርያም ጠዋት በባቡር ድሬዳዋ ሄዳለች፣ ለእህቷ አርባ። ሳምንት ትቆያለች።

በዚህ ደብተር ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ ነው። ባንኩ በፈረንጅ ነው፣ አገሩ በፈረንጅ ነው። ሪፐብሊክ በሁለት ቀን አይተዳደርም።


ጁን 3፣ ማክሰኞ

ሚኒስቴሩ የመጀመሪያ ግኝቱን አቀረበ።

ሜይ 1፣ ለሎሚ፣ 25,000 ፍራንክ።
ሜይ 31፣ ለሎሚ፣ 25,000 ፍራንክ።

አንድ ወር፣ ሁለት ደሞዝ። በቀይ ነው ያወጣው። ቀዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሎሚ ሠራተኛችን ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከአርሲ ተነስታ፣ ግማሹን በእግሯ፣ ወደ የመን ልትሻገር እዚህ ወደብ ከተማ መጣች። እማዬ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ተቀምጣ አገኘቻትና "ባሕር ከሚበላሽ እኔ ቤት ሥሪ" ብላ አስገባቻት። ደሞዟን የምትልክላት እማዬ ናት፣ ከራሷ ስልክ። ግን የእማዬ ዓይን ያለ መነጽር ቁጥር አይለይም። ስልኩን የምትነካካላት ማናት? ሎሚ። እንግዲህ መርማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ላፕቶፑን አቅፌ ኩሽና ገባሁ። ዓሣ እየጠረገች ነበር።

"ሎሚ፣ በሜይ ስንት ጊዜ ደሞዝ ወሰድሽ?"

"ሜይ የቱ ነው ጋሼ?"

"ሜይ ነዋ! ያለፈው።"

"የወሩን በወሩ ነው የወሰድኩት። የሰጡኝ እማማ ናቸው። እሳቸው ይምጡና ይጠየቁ።"

"መረጃው እዚህ ተቀምጧል።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ሌባ ነሽ እያሉኝ ነው?"

"እኔ አይደለሁም፣ ሚኒስቴሩ ነው" አልኳት። አልሳቀችም። ቀልዱ አልገባትም።

ለማጠቃለል፦ ሎሚ በገዛ ፈቃዷ ተሰናብታለች። ሻንጣዋን ደጅ ያወጣሁላት ለማገዝ ነው፤ ሙቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፣ ዚፑም ተበላሽቷል፣ ለብቻ አይያዝም።

ፅዮናዊት ከሥራ ስትመጣ፣

"ሎሚስ?"

"ሄደች። በፈቃዷ።"

"ዓሣውን ግማሽ ጠርጋ?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሚኒስቴሩ ገና አልተደራጀም።


ጁን 4

መብራት ጠፋ። ዶራሌ ወደብ በር ላይ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ መቶ አርባ ከባድ መኪና ቆሟል፣ የሁሉም ወረቀት እኔ ጠረጴዛ ላይ። የተረፈው ዓሣ ሸተተ።


ጁን 9፣ ሰኞ

እማዬ ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣

"ሎሚ የት ናት?"

"በፈቃዷ ሄደች እማዬ። የተሻለ አግኝታ መሰለኝ።"

ነጠላዋን አወለቀች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘርግታ እንደገና አጠፈች።

"እሺ" አለች።

የእማዬን እሺ ለማያውቅ፦ አባቴ አንድ ጊዜ እሺ ተብሎ አራት ወር የባቡሩ ማደሪያ ተኝቷል።


ጁን 17፣ ማክሰኞ

ዓብዱልጀሊል፣ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታው፣ ስለ ሚኒስቴሩ ሰምቶ ቢሮውን በሳቅ አፈረሰው።

"ዋርያ አምሀ! እኔ ኤፒአይ ያገባሁት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው። በጓሮ በር ትገባለች፣ ሒሳቡን ታነባለች፣ ባዶ አድርጋ ትወጣለች። ያውም ቁልፏ ጊዜው አያልፍም!"

ስቄ ስጨርስ፣ "ያቺን ሠራተኛችሁን ሃያብለ ሰፈር አየኋት" አለኝ። የሚኖረው እዚያው ነው። "ውሃ ስትሸከም። ቆርቆሮ ቤት ተከራይታለች። ከስታለች።"

"የተሻለ ሥራ አግኝታ ነው የሄደችው።"

"ውሃ መሸከም?"

ማኅተሙን ተቀብዬ ራሴ መታሁ። ጠማማ ወጣ።


ጁላይ 1

ትናንት ከእማዬ ስልክ 5,000 ፍራንክ "ሙሚን" ለሚባል ሰው። የማይታወቅ ሙሚን። ሚኒስቴሩ ከየት ይመድበው? ምግብ አይደለም፣ መብራት አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም። "ልዩ ልዩ" ውስጥ ከተትኩት። ሎሚም እዚያው ነበረች።


ጁላይ 16፣ ረቡዕ

ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ አሸዋውን በመስኮት፣ በበር፣ በጥርስ መሃል ያስገባል። አርሂባ ሰፈር ያሉ ዘመዶቻችን አልጋቸውን ደጅ አውጥተዋል። የመብራት ሒሳብ 61,000። ፅዮናዊት ከፋርማሲ ስምንት ሰዓት ቆማ መጥታ አንሶላ ታጥባለች። እኔ ሪፖርት አቀርባለሁ።

"ከሠራተኛ በወር 25,000 ተርፏል" አልኳት።

እጇን ከአረፋው አወጣች። "የታለ?"

"መብራቱ በላው።"

"እንግዲያ መብራቱ መጥቶ ይጠብልኝ።"

እማዬ ከውስጥ ሆና ሰምታ ሳቀች። ከጁን 9 ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። እኔን ስታይ ተወችው።

ማታ እንዲህ አሰብኩ፦ እናቴን ልጠይቃት? "እማዬ፣ በሜይ ሎሚ ሁለቴ ስትወስድ ታውቂ ነበር?" ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ካወቀች ምን እላለሁ? ፕሮግራሙ ላይ አዲስ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ጨመርኩ። ያምራል።


ጁላይ 31፣ ሐሙስ

ትናንት እንደገና ሙሚን። 5,000።

የሰባ አራት ዓመት ሴት በወር አምስት ሺህ ለማይታወቅ ወንድ የምትልክበት ምክንያት በዓለም ላይ ሦስት ነው፦ ጫት፣ ጠንቋይ፣ አጭበርባሪ። እናቴ ጫት አትቅምም። ስለዚህ የልጅነት ግዴታዬን ተወጣሁ። ሁለት መስመር ኮድ፦ ከእማዬ ስልክ ከ2,000 በላይ የሚወጣ ሁሉ በሚኒስቴሩ ይታገድ። እሷ እንዳትሰጋ አልነገርኳትም።


ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ዓብዱልጀሊል ዛሬ አልቀለደም። ምሳ ላይ፣

"ያቺ ልጅ ጀልባ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ።"

"የምን ጀልባ?"

"ከኦቦክ ወደ የመን የሚሄደው ነዋ። የዓሣ መስሎህ ነው? ስልኳን ሸጣለች። ይሄ ወር ካለፈላት አለፈላት፣ ካልሆነ ትሄዳለች። ዋርያ፣ አንድ ነገር አድርግ። የእናንተ ቤት ሰው ናት የምትባል ነበረች።"

"አዋቂ ሴት ናት፤ በራሷ ትወስናለች።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዘግቤዋለሁ።

ከሰዓት የባሕሩን የነፋስ ትንበያ አየሁ። ለሥራ ነው። ዶራሌ መርከብ ይገባል።


ኦገስት 13

ነፋስ። ከባድ።


ኦገስት 19

ዛሬም አየሁ። ከባድ። ምንም ግንኙነት የለውም።


ኦገስት 29፣ ዓርብ

ጠዋት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሚኒስቴሩ ነው፦ "ወደ ሙሚን 5,000፣ ታግዷል። ታግዷል። ታግዷል።" ሥርዓቱ ሠርቷል! ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው ይህን ደስታ አያውቀውም።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጭ ልብሷን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

"አምሀ፣ ስልኬ አልልክም አለኝ።"

"ጥያቄዎ በሚመለከተው ክፍል እየታየ ነው።"

"ለማን እንደምልክ አትጠይቀኝም?"

"ሚኒስቴሩ ይጠይቃል እማዬ።"

"አንተ ጠይቀኝ።"

እንደዚህ አይታኝ የምታውቅ አይመስለኝም። እንደ ልጅ አይደለም፤ ወረቀት አንብቦ ማኅተም እንደሚመታ ሰው። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ከዶራሌ ተደወለ፤ አሥራ ሁለት መኪና በስሕተት ቁጥር ተመዝግቧል፣ የዕረፍት ቀንህ ዓርብም ቢሆን ና። ሄድኩ።

ማታ ስመለስ በሯ ተዘግቷል። ፅዮናዊት እራት ሳታቀርብልኝ፣ "ሃያብለ እሄዳለሁ ብለው ወጥተው፣ ከአደባባዩ ሳያልፉ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ በታክሲ መለስኳቸው" አለችኝ።

"ሃያብለ ምን አላት?"

"እኔን ነው የምትጠይቀው?"

ዛሬ ሁሉም ሰው ጥያቄ በሌላ ሰው በኩል እንዳይሄድ ወስኗል።


ሴፕቴምበር 5፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሚኒስቴሩ ዝም ማለቱን አየሁ። የባንኩ ቁልፍ ዘጠና ቀኑን ጨርሶ ኦገስት 30 ሞቷል። የሞተ ቁልፍ አያነብም፣ አያግድምም። ማለትም እገዳው በማግስቱ በራሱ ወድቋል። እማዬ ቅዳሜ ብትሞክር ይሄድላት ነበር። ማንም አልነገራትም። እኔም አላወቅሁም።

አዲስ ቁልፍ አወጣሁ። እንደ ሙከራ፣ ከእማዬ ስልክ የወጡትንና የታገዱትን ትልልቅ ገንዘቦች በመካከላቸው ስንት ቀን እንዳለ ቁጠር አልኩት።

ሜይ 1። ሜይ 31። ጁን 30። ጁላይ 30። ኦገስት 29።

30። 30። 30። 30።

አንድም ቀን ዝንፍ የለም። እንዲህ ሰዓት አክባሪ አጭበርባሪ በዚህ ከተማ አይገኝም። የፈረንጅ ወር አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ሠላሳ አንድ ነው። ሁልጊዜ ሠላሳ የሚሆን ወር የማን ነው?

ኩሽና ገባሁ። ግድግዳው ላይ የእማዬ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ዘወትር ውሃ ስቀዳ ክርኔ የሚነካው። ኦገስት 29፣ ነሐሴ 23፣ ጊዮርጊስ። ገለበጥኩ። ሐምሌ 23። ሰኔ 23። ግንቦት 23። ሚያዝያ 23።

ሎሚ እቤታችን የገባችው በሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። እማዬ ወሯን የምትቆጥርላት ከዚያ ነው። የሚያዝያው ደሞዝ ሜይ 1 ላይ ዋለ፣ የግንቦቱ ሜይ 31 ላይ። ሁለት ወር ሠርታ ሁለት ደሞዝ ወሰደች። ሁለቱም አንድ ሜይ ውስጥ ወደቁ፣ በቃ።

"ሜይ የቱ ነው ጋሼ?"

እኔ በቀን ስልሳ ወረቀት ላይ የኢትዮጵያን ቀን ከፈረንጁ ጋር ጎን ለጎን የምጽፍ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ነው። ለጭነት መኪና ያደረግሁትን ለእሷ አላደረግሁም።

ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

"አገኘኸው?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ገና ከባቡር ሳልወርድ ደውላ ነግራኛለች። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። እናት ነኝ፣ አልለምንህም አልኩ። እኔም ኩራት ያዘኝ። ሙሚን የቤት ኪራይዋን ነው የሚቀበልልኝ። ስልክ የላትም። ተነስ፣ ሂድ!"

ሃያብለ ድረስ ዓብዱልጀሊል ወሰደኝ። ሙሚን ቆርቆሮ ቤቶች የሚያከራይ፣ ደጁ ላይ ሱቅ ያለው፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ነው። አማርኛውን ድሬዳዋ ነው የተማረው።

"የእማማ ልጅ ነህ? ሚኒስትሩ?"

ነገረችው ማለት ነው።

"ሎሚን ፈልጌ ነው።"

"ሰኞ ወደ ኦቦክ ሄደች። ጎሕ ሳይቀድ፣ ከአራት ልጆች ጋር።"

"በኪራዩ ምክንያት?"

"በምን ኪራይ!" ተቆጣ። "አምስት ሺህ ፍራንክ ብጠብቅ እሞታለሁ? ቆዪ አልኳት። ቅዳሜ ጠበቀች፣ እሑድ ጠበቀች። ሱቄ ደጃፍ ተቀምጣ ስልኬን ታየዋለች። እሑድ ማታ 'አባባ፣ እማማም አመኑት ማለት ነው' አለች። እኔ ምኑን እንዳመኑ አላወቅሁም። አንተ ታውቃለህ?"

ዓብዱልጀሊል መሬት መሬት አየ።

ሙሚን ከመሳቢያው አንድ ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ። የእኛ ቤት ቁልፍ ነው። "ለእማማ መልስልኝ ብላለች።"

ሦስት ወር ሙሉ የቤታችን ቁልፍ እጇ ላይ ነበር። ሁላችንም ከቤት የምንወጣበትን ሰዓት ታውቃለች። አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም።


ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ከእንግዲህ በዚህ ደብተር ቀን የሚጻፈው በእማዬ አቆጣጠር ነው።

ትናንት በጀልባ ኦቦክ ተሻገርኩ። ከባሕሩ ዳር ውሃና ሻይ የምትሸጥ ውዳድ የምትባል ሴት አገኘሁ። የልጅቱን መልክ ስነግራት ማንንም አላስታወሰችም፤ በቀን መቶ ታያለች። ዚፑ የተበላሸ፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ስላት አስታወሰች።

"ማክሰኞ የወጡ አሉ፣ ሐሙስ የወጡ አሉ። ከየትኞቹ እንደሆነች አላውቅም። ባሏ ነህ?"

"ጋሼዋ ነኝ" አልኩ። በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት እንኳ ጠፋኝ።

"ባሕሩ እንዴት ነበር?" አልኳት።

ኩባያዋን አለቅልቃ ደፋችው። "ነፋስ ነበር።"

እኔም አውቅ ነበር። ስንት ቀን አየሁት!


ጳጉሜ 4

የጳጉሜ ደሞዝ የሚባል የለም። በወር በወር የሚከፈለው ሰው እነዚህን ቀናት በነፃ ነው የሚሠራው። ሎሚ ሦስት ጳጉሜ ሠርታልናለች፤ አንዱ ስድስት ቀን ነበር። አሥራ ስድስት ቀን። 13,333 ፍራንክ።

ሚኒስቴሩ ይህንን በምንም ቀለም አላወጣውም። እንዲፈልግ አልተነገረውም ነበር።


መስከረም 4፣ እሑድ

ቢሮ ስገባ ዓብዱልጀሊል እንደ ልማዱ ዋርያ አላለኝም። ወንበሩን አስጠጋና፣

"አንድ ጀልባ ተገልብጧል እያሉ ነው፣ በወዲያኛው በኩል። ከማክሰኞዎቹ ይሁን ከሐሙሶቹ አይታወቅም።"

"ስም አለ?"

"ስም የለም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው።"

ቀኑን ሙሉ ማኅተሙን እሱ መታልኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም ብዬ ልጽፍ ነበር። ነገርኳት። ዳቦውን ወደ አምስት የመለሰችው እሷ ናት፤ አምስተኛው ከሰዓት እስኪደርቅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ማንም አያነሳውም።


መስከረም 23፣ ጊዮርጊስ

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠች። መነጽሯን አድርጋለች።

"ዛሬ ነው" አለች።

ሚኒስቴሩን ከፈትኩት። የተሠራው ሥራ እንዲህ ነው፦ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን፤ አሥራ ሦስተኛው አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፣ በነፃ የማይታለፍ። በየወሩ በ23፣ ከእኔ ደሞዝ፣ ለሎሚ፣ 25,000። ለዛሬ የጳጉሜዎቹ 13,333 ተጨምሮ። ምድቡን ከ"ልዩ ልዩ" አውጥቼ ስሟን ጻፍኩበት።

ሄደ። ጠበቅን። ፅዮናዊትም እጇን እያደረቀች መጥታ ከኋላችን ቆመች።

"የተቀባዩ ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም። ገንዘቡ ተመልሷል።"

"ምን አለ?" አለች እማዬ።

"ተመልሷል።"

እስኪ አሳየኝ ብላ ስክሪኑን በጣቷ ነካች፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

"በጥቅምት ሃያ ሦስት ደግሞ ላክ" አለች።

እልካለሁ። ለዚህ ትእዛዝ ማብቂያ ቀን አልጻፍኩለትም።

እርማት።

በዚህ ደብተር በጁን 3 (ግንቦት 26) ቀን "ሎሚ በገዛ ፈቃዷ ተሰናብታለች" ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ነው። "ሎሚ ያልሰረቀችውን ሰረቅሽ ተብላ፣ የያዘችውን ዓሣ እንኳ ሳትጨርስ፣ በአምሀ ተባርራለች" ተብሎ ይነበብ። ሻንጣዋ ደጅ የወጣው ለማገዝ አልነበረም። እስከ በሩ ድረስ የጎተተው አምሀ ነው፤ ከበሩ ወዲያ የጎተተችው ራሷ ናት።